አሮጌ ሃይሩፍ ሚስ ሲያደርግ (ሞተሩ ሲያቆራርጥ) የካንዴላ ገመዱን በጨለማ ፈትሹ

አልጋና ምድጃ የተገጠመለት የቤንዚን ሃይሩፋችን (ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ) በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፤ የእንጦጦን ዳገት ሲይዝ ጉልበት ያጣል። ጠዋት በጤዛ ይብሳል።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ተቀየሩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ታጠበ፤ ለውጥ የለም።

ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን እጀታው ላስቲክ በሆነ ፒንሳ በየተራ ነቀልኩ። የሦስተኛው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም፤ የማይሠራው ሲሊንደር እሱ ነው። ገመዱን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካው ግን ደህና ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው፦ ቴስተር የውስጡን መስመር እንጂ የላስቲኩን መሰንጠቅ አያሳይም።

ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ ገመዶቹ ላይ ውሃ በስሱ ረጨሁ። ከሦስተኛው ገመድ ወደ ሞተሩ ብረት ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል በግልጽ ታየ። አራቱንም በአዲስ ቀየርኩ፤ ሞተሩ ተስተካከለ።

ስትሞክሩ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ፤ ቤንዚን የሚያፈስ ቱቦ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አሠሩ።