ሆሎ ኩቴክስ አላበራ ሲል፦ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው ወይስ የእኛ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጠርሙስ ላይ ክፉ ፈርጄ ነበር። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያመጣችልኝ ብርማ ሆሎ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት የቀስተ ደመና ቀለማት የሚያወጣ ኩቴክስ። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ በትንሽ በትንሹ እየቀላቀለች የምትሸጠው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አባርቶ ሳለ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሁለት ዙር ቀባሁት። ጥፍሬ አመድ መሰለ። ግምገማዬ ላይ «የሻጭዋ ፎቶ ውሸት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ልፈልግ የስልኬን ባትሪ ሳበራ ጨረሩ እጄ ላይ አረፈ። ከጥፍሬ ሥር እስከ ጫፉ የማርያም መቀነት ተዘረጋ። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። እጄን ባዘነበልኩ ቁጥር መስመሩም አብሮኝ ይዞራል።

የጻፍኩትን በዚያው ሌሊት አስተካከልኩ። ሴትዮዋንም ይቅርታ ጠየቅኳት። የትልቅ ፋብሪካ ስም በአንድ አስተያየት አይናጋም። ጓዳዋ ውስጥ ጥቂት ጠርሙስ እየሠራች የምትኖር ሴት ግን በአንድ ክፉ ቃል ገበያዋ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ሲበላሽብኝ መጀመሪያ የማጣራው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። የብርሃኑ? የእጄ? ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ግልጽ ሽፋን፣ የቶፕ ኮቱ? ወይስ በእርግጥ የሠሪዋ? የሠሪዋ ከሆነም አልደብቅም። ገንዘቧን የምታወጣ አንባቢ አለች።

«ግራጫ ሆነብኝ፤ ቀስተ ደመናው የለም»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ቅሬታ ይህ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ የት ቁጭ ብለሽ አየሽው?

ለመስመራዊ ሆሎ (ቀስተ ደመናው በመስመር ለሚዘረጋው) ስሙ የታወቀው ዱቄት ስፔክትራፍሌር ይባላል። ጄዲኤስዩ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር የሚያመርተው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ለሁለት ሲከፈል ምርቱ ቪያቪ ለተባለው ደረሰ። ዱቄቱን በእጅሽ ብትይዢው ግራጫ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ስስ ቅጠል ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም አለ። ላዩ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ እኩል የተሰመሩ ቦዮች አሉት። ብርሃን ቦዮቹ ላይ ሲያርፍ በየቀለሙ ተለያይቶ ይመለሳል። የሲዲ ጀርባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ብርሃኑ ግን ከአንድ ነጥብ መምጣት አለበት። ፀሐይ፣ የስልክ ባትሪ፣ አንዲት ራቁቷን የተንጠለጠለች አምፖል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ቀለማቱ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ተመልሰው ግራጫ ይሆናሉ። ለዚህ ነው የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ለሆሎ የማይመቹት። የቢሮ ረጃጅም መብራቶችም እንዲሁ ናቸው።

ስለዚህ መጋረጃውን ዝጊና የስልክሽን ባትሪ ከጥፍርሽ ሁለት ስንዝር ያህል አርቀሽ አብሪ። መስመሩ ከታየ ቀለሙ ደህና ነው። ከመስመር ይልቅ እዚህም እዚያም የሚብለጨለጩ ነጠብጣቦች ካየሽ የያዝሽው የተበተነ ሆሎ ነው። እሱ በደቃቅ ሆሎግራፊክ ግሊተር (በሚብለጨልጭ ብናኝ) የሚሠራ ሌላ ዓይነት እንጂ የተበላሸ መስመራዊ አይደለም። በባትሪም ምንም ካልታየ ወደሚቀጥሉት ምክንያቶች እለፊ።

ስትገመግሚ ሦስቱንም ጻፊ፦ በጥላ፣ በፀሐይ፣ በባትሪ። «ጥላ ውስጥ ግራጫ ነው» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምትውል ሴት በጣም ይጠቅማታል።

ዓይንሽ እያየው ስልክሽ ካላነሳው ደግሞ ካሜራው ብርሃኑን አብዝቶታል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ በጣም የሚያበራውን የጥፍርሽን ቦታ ንኪና ብርሃኑን ወደ ታች ሳቢው። ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ያለው ፀሐይ ለእኔ ምርጡ ነው። ሆን ብለሽ ትንሽ የደበዘዘ ፎቶም ጨምሪ፤ የቀለማቱ ስፋት እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ከነማጣሪያው የተነሳ ፎቶ ግን ለግምገማ አይሆንም።

«ቶፕ ኮት ስደርብበት ደበዘዘ»

ይሄ እኔንም ብዙ ጊዜ አቃጥሎኛል። ሆሎ እንዲያበራ እነዚያ ጥቃቅን ቅጠሎች ጥፍሩ ላይ ጠፍጣፋ ተኝተው መድረቅ አለባቸው። ቶፕ ኮቱ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ገና ያልጠነከረውን ቀለም መልሶ ያለሰልሰዋል። ቅጠሎቹ ከተኙበት ይነሱና እያንዳንዱ በየፊናው ያዘነብላል። መቀነቱ ይበጣጠሳል። ቶሎ አድራቂ የሚባሉት በዚህ ይብሳሉ። አንዳንዶቹ ሲደርቁ ይሸበሸቡና ቀለሙን ከጥፍሩ ጫፍ ወደ ኋላ ይስቡታል።

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። ቀለሙ በጣት ጫፍ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቂ፤ እኔ ቢያንስ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ ብሩሹን በደንብ ሙዪው። ጠብታውን ጥፍሩ ላይ አሳርፈሽ ጠብታውን ብቻ ግፊው። የብሩሹ ፀጉር ቀለሙን መንካት የለበትም። አሁንም ከደበዘዘ በውሃ የተሠራ ቶፕ ኮት ሞክሪ። እሱም ካልሆነ ያለ ቶፕ ኮት ተዪው፤ ቶሎ ቢላጥም ብርሃኑ አይጠፋም።

ለግምገማ አንድ ልማድ ልምከርሽ። የፕላስቲክ ናሙና ጥፍር ላይ ቀለሙን ቀቢና በቁመቱ ግማሹን ብቻ በቶፕ ኮት ሸፍኚ። ባትሪ ስር ያዢው። ባለፈው የሞከርኩት ሮዝ ሆሎ ግራ ጎኑ እንደ ምላጭ የሠላ ቀስተ ደመና ነበረው። ቀኝ ጎኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ቶፕ ኮቱን ቀይሬ ሌላ ናሙና ላይ ስሞክረው ሁለቱ ጎኖች እኩል ሆኑ። ያን ጊዜ የበደለው ቶፕ ኮቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፍኩ።

«ብሩሹ እያነሳው ራሰ በራ ቦታ ተወ»

እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ግሌዝ የተባለው የኩቴክስ ኩባንያ «ኦኤምጂ» የሚለውን የሆሎ ስብስብ ባወጣበት ዘመን ይህ የታወቀ ጣጣ ነበር። ብዙ ሴቶች በውሃ የተሠራ ቤዝ ኮት (ከቀለሙ ሥር የሚቀባ) የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። የተለመደው ቤዝ ኮት ከሆሎው ጋር አብሮ ይለሰልስና ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ተያይዘው ይነሳሉ። የዛሬዎቹ ትናንሽ ሠሪዎች ቀመራቸውን በጣም አሻሽለዋል። አብዛኞቹ ሆሎዎቻቸው ተራ ቤዝ ኮት ላይ ይቀመጣሉ።

አሁን የሚያጋጥምሽ ከሆነ እጅሽን ተጠራጠሪ። በሦስት ምት ጨርሺ፤ መሐል፣ ግራ፣ ቀኝ። የደረቀ መስሎሽ ተመልሰሽ አትነካኪው። በሁለት ዙሮች መካከል ሦስት ደቂቃ ስጪው። ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ቤዝ ኮትም ቀይረሽ አሁንም ካነሳ ቀመሩ ነው። ጻፊው።

«ወፈረ፤ እንደ ማር ይጎተታል»

ኩቴክስ ሲወፍር አሴቶን ጠብ ማድረግ ያደግንበት ነገር ነው። እናቶቻችንም ሲያደርጉት አይተናል። እባክሽ ሆሎ ላይ አታድርጊው። ቀለሙ ሲደርቅ ሽፋን የሚሆነው ናይትሮሴሉሎስ ሚዛኑ ይዛባል። ሲደርቅም ይፈረፈራል። ትክክለኛው የኩቴክስ ማቅጠኛ ነው፤ ውስጡ ኢቲል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት ያለበት። ማለትም ጠርሙሱ ውስጥ ቀድሞውኑ ያሉት ማሟሟያዎች። ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሪ። ጠርሙሱን በመዳፎችሽ መሐል አንከባሊው፤ ከበቃሽ አቁሚ።

ወደ እኛ የሚመጣ ጠርሙስ ደግሞ ረጅም ጉዞ አለበት። ኩቴክስ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ወደ ውጭ አገር አይልከውም። ስለዚህ የሚደርሰን በሰው ሻንጣ ነው። የአሜሪካ የበረራ ደንብ ለአንድ መንገደኛ የመዋቢያ ዕቃ በድምሩ እስከ 2 ሊትር ይፈቅዳል። ዘመድሽ ጠርሙሶቹን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ ልብስ መሐል ይጠቅልላቸው። ሲደርሱ ቶሎ አትክፈቺ፤ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ይረፉ። ክዳኑ አንገት ላይ ቀለም ደርቆ ከነበረ አየር እየገባ ያወፍረዋልና በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ጥረጊው። አሴቶን ቦታው እዚያ ነው። በስንት ወር መንገድ እንደመጣ ሳታውቂ «ወፍራም ነው» ብለሽ ሠሪዋን አትክሰሺ።

«ግሊተሩ ታች ተቀምጧል፤ ጥፍሬ ላይ አይወጣም»

ግሊተር ከፈሳሹ ስለሚከብድ ይወርዳል። ጠርሙሱን ሌሊቱን ገልብጠሽ አስቀምጪ። ጠዋት አንከባሊው። በኃይል መነቅነቅ አረፋ ይፈጥራል፤ ያ አረፋ ጥፍርሽ ላይ ጉድጓድ ሆኖ ይደርቃል። ውስጡ የሚንከባለሉ የብረት ኳሶች ካሉ ሠሪዋ አስባበታለች ማለት ነው።

ትላልቅ ቅርጾች፣ ኮከብም ሆኑ ክብ፣ በመጥረግ አይወጡም። በብሩሹ ነካ ነካ እያደረግሽ ነው የሚቀመጡት። ትንሽ የፊት ስፖንጅ ላይ ቀለሙን ቀብተሽ ጥፍርሽ ላይ ብትጫኚው ደግሞ ፈሳሹን ስፖንጁ ይጠጣል፤ ግሊተሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ሻካራ ከሆነ ሁለት ዙር ቶፕ ኮት ያስፈልገዋል። ግሊተር ቶፕ ኮት ይጠጣልና አትገረሚ።

በደንብ ቀላቅለሽው በዚያው ቀን መልሶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ግን ፈሳሹ ግሊተሩን የሚሸከም ጭቃ አንሶታል። ቀልዴን አይደለም፤ ኩቴክስ ውስጥ ቅንጣቶችን የሚያንሳፍፈው በእርግጥ የተጣራ የሸክላ ዓይነት ነው። ይሄ የሠሪዋ ነው።

«ግልጽ የነበረው ፈሳሽ ቀላ፤ ብርማው ግሊተር ፈዘዘ»

እዚህ ላይ እጅሽን አትውቀሺ። ማሟሟያ የማይችል ርካሽ ግሊተር ጠርሙሱ ውስጥ ቀለሙን ይለቃል፣ ይጠቀለላል፣ ይለሰልሳል። ለጽሕፈት መሣሪያና ለበዓል ካርድ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ጥሩ ሠሪ ግሊተሯን ሳምንታት በፈሳሹ ውስጥ ነክራ ትፈትናለች። ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ በእጅሽ በገባ ቀን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺው። ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ። እነዚህ ሁለት ፎቶዎች ከማንኛውም ረጅም ጽሑፍ ይበልጣሉ። ግን ከመለጠፍሽ በፊት ለሠሪዋ ላኪላት። ብዙዎቹ ይተካሉ፤ መተካታቸውንም ጻፊ።

«በሁለተኛው ቀን እንደ ቅርፊት ተነሳ»

ጥፍሩ ላይ ቅባት ነበር። ፀጉርሽን ቅቤ በተቀባሽበት ወይም ቫዝሊን በነካሽበት እጅ ኩቴክስ አይዝም። በአልኮል ጥረጊውና ወዲያው ቤዝ ኮት ቀቢ። ዕቃ አጥበሽ ወዲያው አትቀቢ፤ ጥፍር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይለቃል። የጥፍሩን ጫፍ ጠርዝ በብሩሽ መዝጋትም አትርሺ። ሊጥ የምታቦኪ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ኩቴክስ ሳምንት እንዲቆይ አትጠብቂ።

«አሳከከኝ»

ወዲያው አስለቅቂው። በኩቴክስ የሚመጣ አለርጂ ጥፍር ዙሪያ ብቻ አይታይም፤ ዓይን ቆብና አንገት ላይም ይወጣል፤ እጃችን ቀኑን ሙሉ እዚያ ይደርሳልና። አንዳንድ ኩቴክስ ውስጥ ያለው ቶሲላሚድ ፎርማልዴሃይድ ሬዚን የተባለ ንጥረ ነገር በዚህ የታወቀ ነው። ጠርሙሱ ላይ «10 ፍሪ» (አሥር ንጥረ ነገሮች የሉበትም) የሚል ጽሑፍ አያረጋጋሽ፤ ቁጥሩ ሁሉም የተስማማበት ትርጉም የለውም። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር አንብቢ። ዝርዝር ከሌለው፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ለማንም አልመክርም። ማሳከኩ ካልተወሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ጠርሙሱንም ይዘሽ።

«አልለቅም አለ፤ ከለቀቀም በኋላ ጥፍሬ ሰማያዊ ነው»

ግሊተርን አትፈቅፍቂ፤ የጥፍርሽን ንብርብር ይዞ ነው የሚነሳው። ጥጥ በአሴቶን ነክረሽ ጥፍሩ ላይ አሳርፊ። በፎይል ጠቅልይው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በኋላ ጫን ብለሽ በአንድ ምት ሳቢው። አዘውትረሽ የምትቀያይሪ ከሆነ ወይም ለውዱእ በየጊዜው የምታነሺው ከሆነ የሚላጥ ቤዝ ኮት ይሻልሻል፤ ከሥር ተቀብቶ ሙሉው እንደ ፕላስቲክ ይወጣል።

ጥልቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆሎዎች ጥፍር ያቀልማሉ። እንሶስላ ወደን ነው የምንሞቀው፤ ይሄኛው ግን ሳንጠይቀው ይቀራል። አሴቶን አያነሳውም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከጥፍሩ ጋር እያደገ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ዙር ቤዝ ኮት ከሥር አድርጊ። በሁለት ዙርም ካቀለመ ለሚገዙት ንገሪ። እኔም ስለ አንድ ጠርሙስ ጽፌ የምጨርሰው ቀለሙን አስለቅቄ ባዶ ጥፍሬን ፀሐይ ላይ ካየሁ በኋላ ነው።