ሥዕልን ከማየት ጀምሮ ማስተማር፦ ከአድዋ ሥዕል እስከ ሽቦ ጥበብ

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ጀበና ሥዬ «እንደዚህ አድርጋችሁ ሣሉ» ብዬ ተማሪዎቼን አዘዝኳቸው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ 53 ደብተር ሰበሰብኩ፤ በሁሉም ውስጥ ያገኘሁት ያንኑ የእኔን ጀበና ነበር፣ እጄ ስቶ ያጣመምኩት አንገቱ ሳይቀር። ቤቱ ያለውን ጀበና የሣለ አንድም ልጅ አልነበረም።

የሚከተለው መመሪያ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባትን ለሚያስተምሩ፣ በቂ ቁሳቁስም ለሌላቸው መምህራን የተጻፈ ነው። መነሻ ሐሳቡ ልጁ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ማየትን ይልመድ የሚል ነው፤ ባህላዊውን ሥዕል «የድሮ»፣ ዘመናዊውን ደግሞ «የፈረንጅ» ብሎ ከመፈረጁ በፊት በሁለቱም ውስጥ ሠዓሊው ሆን ብሎ የወሰነውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል።

ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በባህላዊ ሠዓሊዎች የተሣለ የአድዋ ጦርነት ሥዕል ይምረጡ። ልጆቹ ታሪኩን በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ስለሚሰሙት ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ማሳተም ካልተቻለ ለአምስት ለአምስት ልጆች አንድ ትንሽ ቅጂ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማንም አይናገርም፣ ማንም አይጽፍም። ከዚያም «ምን ማለት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ልጆቹ መምህሩ የሚፈልገውን መልስ እንዲገምቱ ያደርጋቸዋል። «ምን ታያላችሁ?» ይበሉ፣ «ሌላስ?» እያሉም ይቀጥሉ። ልጆቹ ጋሻውንና ፈረሱን፣ ዣንጥላ የተያዘላቸውን ንጉሠ ነገሥት፣ እቴጌ ጣይቱን፣ ከላይ በነጭ ፈረስ የሚታየውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ይዘረዝራሉ። ጥቂት ከታገሡ አንዱ ልጅ ከጣሊያን ወታደሮች የብዙዎቹ አንድ ዓይን ብቻ እንደሚታይ ይናገራል፤ ማንም ካላስተዋለ «እስኪ ዓይን ቁጠሩ» ማለት በቂ ነው።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ፣ የትምህርቱ እምብርት ይህ ነውና። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትውፊት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ የአድዋን ሥዕል የሠሩ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ሥርዓት ወደ ጦር ሜዳው ወስደው ወገንን ከጠላት ለዩበት። «የጥንት ሰዎች በትክክል መሣል አይችሉም ነበር» የሚለው፣ በየክፍሉ የማይቀር አስተያየት በዚህ መልስ ያገኛል፤ ልጆቹ ስህተት ያሉት ነገር ሕግ ሆኖ ያገኙታልና። ቀጥሎ አንድ ወረቀት በስምንት አጥፈው፣ በግቢያቸው ያዩትን አንድ ጠብና እርቅ በስምንት ትናንሽ ሥዕሎች እንዲተርኩ ያድርጉ። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 እንዲህ ባሉ ክፍሎች እንደሚሣል ቢነገራቸው ስምንቱ አይበዛባቸውም። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ጥፋተኛውን ያለ ጽሑፍ፣ ከዓይን አሣሣል ብቻ ማወቅ አለበት። በሦስተኛው ሥዕል ባለ አንድ ዓይን የነበረው ልጅ በስምንተኛው ሁለት ዓይን ሲኖረው ያየሁበት ቀን አለ፤ እኔ ያላስተማርኩት ነገር ነበር።

ቀለም መግዛት ካልተቻለ ከልጆቹ ጋር መሥራት ይሻላል። የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እያዘጋጁ በሸምበቆ ብዕር ይጽፉ እንደነበር ይንገሯቸውና ከሰል፣ ቀይ አፈርና እርድ ከቤት እንዲያመጡ ያድርጉ። እያንዳንዱ ለየብቻው በደንብ ይደቅና በስስ ጨርቅ ይነፋል። ለማጣበቂያ የግራር ሙጫ ሌሊቱን በውሃ ተነክሮ ያድራል፤ የእንቁላል አስኳልም ይሠራል፣ ነገር ግን የተረፈው በቶሎ ስለሚሸት በዚያው ቀን መደፋት አለበት። ከእርድ የተገኘው ቢጫ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ይህንንም ትምህርት ሊያደርጉት ይችላሉ። አንድ ቁራጭ ወረቀት በእርድ ቀብተው ግማሹን በካርቶን ይሸፍኑና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ይስቀሉት፤ ካርቶኑ በሚነሣበት ቀን ሙዚየሞች በካሜራ ብልጭታ ፎቶ ማንሳትን ለምን እንደሚከለክሉ ማስረዳት አያዳግትም።

ባህላዊ ጥበብ ግን ሥዕል ብቻ አይደለም። ስፌት የምትችል አንዲት እናት ወይም አያት ከስንደዶዋ፣ ከአክርማዋና ከወስፌዋ ጋር ክፍል ውስጥ ብትጋበዝ፣ በአለላ የሚወጣው ጌጥ ዙሪያው ላይ በትክክል እንዲገጥም እንዴት እንደምትቆጥር ልጆቹ ይጠይቋታል፤ ከዚያም የመሶቡን ወይም የነጠላውን ጥለት በሒሳብ ደብተራቸው አራት ማዕዘኖች ላይ ይነድፋሉ። ይህ ልምምድ ቤተሰቦቻቸው የሰው ምስል መሣልን ለማይፈቅዱላቸው ልጆችም ይስማማል። የሐረር ስፌቶችና በሐረር የሚገኙ ያጌጡ የቁርዓን ጽሑፎች ጥሩ አብነት ናቸው። የቅዱሳን ሥዕል በሚታይበት ክፍለ ጊዜም የሚጠናው አሣሣሉ እንጂ እምነቱ እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር፣ ማንንም ልጅ እንዲገለብጥ አለማስገደድ ተገቢ ነው።

ወደ ዘመናዊው ጥበብ ለመሻገር የተሻለው ድልድይ ፊደል ይመስለኛል። በካሊፎርኒያ የሚኖሩት ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደል ቅርጽ እየለጠጡ፣ እያጠፉና እየደራረቡ የሥዕላቸው ዋና አካል አድርገውታል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፊደል ይምረጥ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ እስኪያልፍ አሳድጎ ይንደፈው፤ በፊደሉ መስመሮች መካከል የቀሩትን ባዶ ቦታዎች ብቻ በሦስት ቀለም ይሙላ። «ጨ»ን ወይም «ሏ»ን የመረጠ ብዙ ይዝናናል። ሥዕሎቹ ሲያልቁ ፊደሉ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ቅርጹ ግን ይቀራል፤ በዚህ ሰዓት በጀርመን አገር ተምረው የተመለሱትን ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ረቂቅ ሥዕሎች (የታወቀ ነገርን መልክ ሳይሆን ቅርጽና ቀለምን ብቻ የሚያሳዩትን) ቢያሳዩዋቸው፣ ትናንት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይል የነበረ ክፍል የራሱን ሥራ አስታውሶ ዝም ብሎ ያያል።

ቀጥሎ የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ይምጡ። ኤልያስ ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የተገኙ ባለ ቀለም ሽቦዎችንና ሰሌዳዎችን እየጠለፈና እየገጣጠመ ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል፤ ልጆቹም ስፌት ሰፊዋን ያስታውሳሉ። ለልምምዱ የክር ቁርጥራጭ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ቁልፍና የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰባሰብ ይበቃል። ባትሪና የተሰባበረ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን ወደ ክፍል አይግባ፣ መርዛማ ንጥረ ነገር ሊኖረው ስለሚችል።

አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት ለጉብኝት አማራጭ አያጣም፦ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም፣ ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም አሉ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውንና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ሄዶ ማየት ካልተቻለ፣ በጥቁር ካርቶን ላይ ቀዳዳ አውጥቶ ባለ ቀለም ላስቲክ መለጠፍና መስኮት ላይ መስቀል ነገሩን በከፊል ያስረዳል። ከከተማ ውጭ ያሉ መምህራን በአቅራቢያቸው ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ አለላቸው፤ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ልጆቹም ከሁለት በላይ ነገር እንዲያዩ አያስገድዷቸው። ሃያ ነገር ያየ ልጅ ሲመለስ የሚያስታውሰው አውቶቡሱን ነው።

ውጤት ሲሰጡ ውበትን አይመዝኑ። ልጁ ያየውን በትክክል መናገሩን፣ ሥራው ላይ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ማስረዳቱን ይመዝኑ። የሁሉም ሥራ በልጆቹ ዓይን ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፣ ከሥሩም ሠሪው ራሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማብራሪያ ይለጠፍ። ጀበናም መሣል ካስፈለገ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን ጀበና አይቶ ይምጣ፤ የተሰነጠቀውን፣ በሽቦ የታሰረውን፣ ክዳኑ የጠፋውን ሁሉ።