ልጃችሁ አፉን ካልፈታ ነገ ዛሬ አትበሉ፦ አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ ወላጆች

ልጃችሁ ሁለት ዓመት አልፎት ቃል ካላወጣ፣ ስሙን ስትጠሩት ዞር ካላለ፣ የሚፈልገውን በጣቱ በማሳየት ፈንታ እጃችሁን ይዞ የሚጎትት ከሆነ፣ ቶሎ ጠይቁ። ዘመድ "ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፣ አጎቱም እንዲሁ ነበር" ይላችኋል። ሴት ከሆነች ደግሞ "ጨዋ ናት፣ ዝምተኛ ናት" ተብላ ትታለፋለች። ሰው ይህን የሚለው ሊያጽናናችሁ ነው። ጊዜው ግን ይሄዳል።

እዚህ አገር ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ጀምሩ።

አንዱ ሐኪም ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ማንኛውም ልጅ በ18 እና በ24 ወሩ ለኦቲዝም (ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካ የእድገት ችግር) እንዲታይ ይመክራል፣ ስለዚህ "ኦቲዝም እንዳለበት ይታይልኝ" ማለት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። የጆሮ ምርመራም አብሮ ይታዘዝለት። ከዚያ ወደ ስፔሻሊስት ይጽፉላችኋል፤ እዚያ ቀጠሮ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል።

ሁለተኛው መንገድ ይህን ወረፋ አይጠብቅም። ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው በየስቴቱ የሕፃናት ድጋፍ ፕሮግራም አለ፦ ዲሲ ውስጥ ስትሮንግ ስታርት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ ራሳችሁ ደውሉ። ጥያቄያችሁ ከደረሳቸው በ45 ቀን ውስጥ ልጁን ገምግመው ስለ ድጋፉ ከእናንተ ጋር መቀመጥ አለባቸው።

ሦስት ዓመት ከሞላው ደግሞ ትምህርት ገና ባይጀምርም የሰፈራችሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠይቁ። በአፍ የተባለ ነገር ይረሳል፣ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፦ የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ምን እንዳሳሰባችሁ፣ "የስፔሻል ኢጁኬሽን (የልዩ ፍላጎት ትምህርት) ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ"። ቀን ጻፉበት፣ ኮፒ አስቀሩ። ስቴቱ የራሱን ገደብ ካላወጣ በቀር፣ እናንተ ፈርማችሁ ከፈቀዳችሁ በኋላ 60 ቀን ነው ያላቸው። ግምገማው በነፃ ነው። ወረቀታችን ገና አላለቀም ብላችሁም አትፍሩ፤ ልጅ በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል።

የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ግን የሐኪም ምርመራን አይተካም። ኢንሹራንስ ለኤቢኤ ቴራፒ (ኦቲዝም ላለበት ልጅ መግባባትና ሌላ ክህሎት በልምምድ የሚያስተምር ሕክምና) የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ የሐኪሙን ወረቀት አይቶ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምላችሁ።

ልጁ ድጋፍ ይገባዋል ከተባለ አይኢፒ የሚባል፣ ለእሱ ብቻ የሚዘጋጅ የትምህርት እቅድ ይወጣለታል። ስብሰባው ላይ አምስት ስድስት ሰው ከቦአችሁ ተቀምጦ በፍጥነት ያወራል። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ታላቅ እህቱን ወይም ወንድሙን አታስተርጉሙ፣ ልጅ የማይሸከመው ነገር ነው። "ፈርሙ" ሲሏችሁ "ለመገኘቴ ነው ወይስ ለመስማማቴ?" በሏቸው። ቤት ወስዳችሁ ማንበብም ትችላላችሁ። "ንግግር እንሠራለን" የሚል ቃል ብቻ አይበቃም፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ከማን ጋር የሚለው ይጻፍ።

አማርኛውን ተዉት የሚላችሁ ባለሙያም ሊያጋጥም ይችላል። አትተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፣ አያባብስም። በማትመቹበት እንግሊዝኛ ከምታወሩት በአማርኛ ብታጫውቱት፣ ብትዘፍኑለት፣ ከአያቱ ጋር በስልክ ብታገናኙት ይሻላል። ጠበልም ብትወስዱት ውሰዱት፣ ቀጠሮውን ግን አትሰርዙ።

የምርመራው ወረቀት እንደደረሳችሁ ወዲያው ስለ ሜዲኬይድ ዌቨር (መደበኛው የመንግሥት የጤና መድን የማይሸፍነውን ተጨማሪ ድጋፍ የሚከፍል ፕሮግራም) ጠይቁና ስሙን አስመዝግቡ። ወረፋው ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬ ባያስፈልጋችሁም ተመዝገቡ። በየስቴቱ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የወላጆች ማዕከል አለ፤ ከአይኢፒው ስብሰባ በፊት ደውላችሁ "ምን ልጠይቅ?" ብትሏቸው በነፃ ያዘጋጇችኋል።