ምንም ሳትነኩት ላፕቶፑ ይሞቃል? ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ፈልጉ

አንድ ፋይል ከፍታችሁ እያነበባችሁ ነው። ፋኑ ግን ይጮኻል፣ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ያናድዳል። ብዙ ሰው ወዲያው ቫይረስ ነው ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ስክሪኑን እዩት እላለሁ። የሚሽከረከር ክብ፣ የሚወዛወዝ ስቲከር ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ አለ?

ጠቋሚ ይህን ያህል ምን ያመጣል እንዳትሉ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የማይክሮሶፍት የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት የፕሮሰሰሩን 13 በመቶ ገደማ ሲወስድ ተገኝቷል። ምክንያቱ ጽሑፍ ስንጽፍ ብልጭ የምትለው ቀጭን መስመር ነበረች። መስመሯ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ትለወጣለች። ፕሮግራሙ የተሠራበት፣ የክሮም ብራውዘርም መሠረት የሆነው ክሮሚየም ግን እሷን ለማንቀሳቀስ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይነሳ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ላፕቶፕ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ስትጫኑ ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። ማክ ላይ አክቲቪቲ ሞኒተርን ክፈቱ።

ቀጥሎ ያለውን አትዝለሉት። እጃችሁን ከማውዝና ከኪቦርድ አንሱና ቁጥሩን ለአንድ ደቂቃ ተመልከቱ። ከዚያ የጠረጠራችሁትን ፕሮግራም ሚኒማይዝ አድርጉት እንጂ አትዝጉት። ብዙ ፕሮግራሞች መስኮታቸው ካልታየ መሳል ያቆማሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ወዲያው ዝቅ ካለ፣ ጥፋቱ ያለው ዓይናችሁ የሚያየው ነገር ላይ ነው። ካልወረደ ፕሮግራሙ ከጀርባ ሌላ ሥራ ይዟል፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ከወረደ መልሳችሁ ክፈቱትና የሚንቀሳቀሰውን ነገር ስክሮል አድርጋችሁ ከዓይን አርቁት። ቁጥሩ እንደገና ወረደ? ያ ነው። ኔት ሲቆራረጥ የምትሽከረከረዋን ክብ በተለይ ጠርጥሩ፤ ማንም ካላስቆማት ሰዓት ሙሉ ትዞራለች።

ከዚያ ማጥፋት ነው። ስላክ በሚባለው የሥራ መልእክት መለዋወጫ ላይ ፕሪፈረንስ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ስር፣ የሚንቀሳቀሱ ምስሎችን ማስቆም ይቻላል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ከርሰር ብሊንኪንግ ብላችሁ ፈልጉና ሶሊድ አድርጉት። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቪዥዋል ኢፌክትስ ገብታችሁ አኒሜሽን ኢፌክትስን አጥፉ። ማክ ላይም አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ሪዲውስ ሞሽን አለ። ይህን ትእዛዝ የማይሰሙ ፕሮግራሞች ስላሉ የፕሮግራሙን የራሱን ሴቲንግ አስቀድሙ።

ሴቲንጉ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን ጠፍቶ ካገኛችሁትም አብሩት። እሱ ሲጠፋ የግራፊክስ ካርዱ ይሠራው የነበረው የመሳል ሥራ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

የሚጠፋበት ቦታ ከሌለ ለሠሪዎቹ ጻፉላቸው። የፕሮግራሙን ቨርዥን፣ ሚኒማይዝ ከማድረጋችሁ በፊትና በኋላ ያያችሁትን ቁጥር፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር የቱ እንደሆነ ግለጹ። የዚያች ጠቋሚ ችግርም የተስተካከለው አንድ ተጠቃሚ ለክቶ ስላሳወቀ ነው።