የደም ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል ለመለካት

ለስትሮክ ዋነኛው አጋላጭ የደም ግፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለማያሳምም ካልለኩት አይታወቅም። ፋርማሲ ሲገቡ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል መለኪያ ይጠይቁ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጅ ትንሽ ዝቅ ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚዛባ፣ ቢረክስም ይተውት። አስቀድመው በትከሻና በክርን መካከል ያለውን የክንድ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። የተለመደው ካፍ (ክንድ ላይ የሚታሰረውና አየር የሚነፋበት ጨርቅ) ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ለወፍራም ክንድ ትልቁን ይውሰዱ፤ ጠባብ ካፍ ግፊቱን ከእውነቱ አስበልጦ ያሳያል።

ቁጥሩን ከመሣሪያው ይልቅ የሚያበላሸው አቀማመጥ ነው። ከቡና፣ ከሲጋራና ከእግር ጉዞ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ። የጎንደርን ዳገት ወጥቶ እንደገቡ መለካት ወይም በአቦልና በቶና መካከል ካፍ ማሰር ትርፉ ድንጋጤ ነው። ሽንትዎን ይሽኑ። ዱካ መደገፊያ የለውምና ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ያለ ወሬ። በብርዱ ጠዋት ሹራብን ወደ ላይ መጠቅለል ይቀናናል፤ የተጠቀለለው እጅጌ ግን ክንዱን ስለሚያንቅ ያውልቁት። የካፉ የታች ጠርዝ ከክርን እጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይረፍ፤ ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ጋቢ አጥፈው ከሥሩ ያድርጉ።

ጠዋት መድኃኒትና ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ማታም ከመኝታ በፊት፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይለኩና ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ይሰርዙ፤ የቀሩት 24 ልኬቶች አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መድኃኒት በራስዎ አይጨምሩ፣ ቁጥሩ ወረደ ብለውም አያቁሙ።

ካፉ ሳይነፋ ከቀረ ወይም የስህተት ምልክት ከመጣ መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩ። የልብ ምት መዛባት ምልክት በተደጋጋሚ ከታየ ግን ኢሲጂ የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልጋል፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው መዛባት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ እያደረገ የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። መለኪያው ይጠቁማል እንጂ በሽታውን አይለይም።

180/120 ካለፈ 5 ደቂቃ አርፈው ይድገሙት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን የስትሮክ ምልክት ነውና ቁጥር አይጠብቁ፤ የጀመረበትን ሰዓት ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። አስፕሪን አይስጡ፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈሶም ሊሆን ይችላል።