ከባቲ ወደ ደጋው የሚወጣውን የሲራራ ነጋዴ መንገድ ታሪክ እንዴት መከታተል ይቻላል

የወሎን የድሮ ነጋዴ መንገድ ለመመርመር የተነሣ ሰው ሥራውን ከአስፋልቱ ባይጀምር ይሻለዋል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመኪና እንዲመች እየተጠማዘዘ የተዘረጋ ነው፤ ቅፍለቱ፣ ማለትም በአንድነት የሚጓዘው የሲራራ ነጋዴ፣ ግን ውኃና ግጦሽ ባለበት፣ አጋሰስ (የጭነት ከብት) ሊወጣው በሚችለው አቀበት ይጓዝ ነበር።

መነሻው ገበያው ነው። ሰኞ ዕለት ባቲ ይድረሱ፤ የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው ሸቀጥ እስከ ዛሬ የሚገናኘው በዚያ ነውና። ሽማግሌዎችን ሲያነጋግሩ ቡናው ተፈልቶ ዱዓው እስኪደረስ ይታገሡ፤ ከዚያም አስቀድመው «አባባ፣ ግመሉ የት ይራገፍ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ግመል የቆላ እንስሳ በመሆኑ ብርድና ገደላማ አቀበት አይስማማውም፤ ስለዚህ ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ አህያ የሚዛወርበት ቦታ የመንገዱ ዋና መገጣጠሚያ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

ሁለተኛው መሪ አሞሌ ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው ይህ ጨው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበር፣ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ስንት አሞሌ ይገዛ እንደ ነበር የሚገልጹ የጥንት ተጓዦች ማስታወሻዎችን ሰብስበው፣ በአንድ ዘመን የተጻፉትን ብቻ ከቦታ ቦታ ቢያነጻጽሩ፣ ቁጥሩ እያነሰ የሚሄድበት አቅጣጫ ጨው የተጓዘበትን መስመር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል አይቶ ጽፏል።

የቦታ ስምም ይመሰክራል። «ኬላ» የሚል ስም ቀረጥ ይከፈልበት የነበረውን ስፍራ፣ «በር» የሚለው ደግሞ የተራራ መተላለፊያን ሊጠቁም ይችላል፤ ከሸዋ ወደ ወሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ለዚህ ምሳሌ ነው። ሆኖም ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአካባቢው ሰው መሪነት ስፍራውን በእግር ይሂዱበት፤ ምንጩን፣ የማደሪያ ሜዳውንና በኮቴ የተቦረቦረውን ድንጋይ ይመዝግቡ፤ ሽማግሌው የነገሩዎትንም በራሳቸው አነጋገርና ቋንቋ፣ ሳያቃኑ ይጻፉ።