ከባሕር ዳር ሆነህ ራፕ ስትሠራ፦ ዘፈኑ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም

የመጀመሪያ ዘፈኔን ሰው ሲከፍተው የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ እየሄድኩ ሾፌሩ የራሴን ድምፅ እስከ ጥግ ለቆት ነበር። እኔ ነኝ አላልኩትም። ሒሳቡንም ሳይቀንስ ተቀበለኝ። በዓመቱ ዘፈኑ ተረስቶ እኔ አጎቴ ሱቅ ቻርጀር እሸጥ ነበር። ይሄ ነገር ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ስለዚህ ስማኝ፤ ለሚቀዘቅዝበት ጊዜ መሰናዳት ያለብህ ገና ትኩስ እያለ ነው።

ከግጥሙ እንጀምር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት ለጉድ ይቀላል። «መጣሁ፣ ወጣሁ፣ አጣሁ» እያልክ እስኪነጋ መሄድ ትችላለህ፤ ችግሩ ሰሚው ሦስተኛዋን ካንተ ቀድሞ ይላታል። ግሱን ወደ መሃል አምጣውና ቤቱን በስም ምታ። ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ዋና» ሲላላ ጣና ላይ የምትዋኘው ነው፣ ሲጠብቅ ቁንጮው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ታኅሣሥ 29 ነው። ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ አፍ ላይ ሁለት! ቢቱ የሚያርፍበትን ቦታ አስልተህ አንዱን ቃል አንዴ አጥብቀህ አንዴ አላልተህ ብትለው፣ ሰምና ወርቅ በራፕ ሠራህ ማለት ነው፤ ጎጃም ተወልደህ ይሄን ካልተጠቀምክበት ታሳዝናለህ።

ፍሪስታይል፣ ማለትም ሳይጻፍ እዚያው እየፈጠሩ መራፕ፣ መልመድ ከፈለግክ ማታ አዝማሪ ቤት ግባ። አንዱ ደንበኛ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ሳይንተባተብ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳታል፣ ቀጥሎ የራሱን ጨምሮ የጠየቀውን ሰውዬ ይሸነቁጠዋል። ቤት ገብተህ በስልክህ ቢት ክፈትና እንደሱ ሞክር። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) 43 ሰከንድ ገደማ ነው። አጭር ይመስላል እንጂ ሲናገሩት ረጅም ነው።

አነጋገርህን አትቀይር። እኔ ሁለተኛ ዘፈኔን የአዲስ አበባ ልጅ ለመምሰል እየተጣመምኩ ሠራሁት፣ እናቴ ራሷ «ይሄ ማነው?» አለች። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ራፕ ውስጥ ሲያስገባ አገር የተቀበለው የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ይመስለኛል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ነገሩ። እኛም ፉከራ አለን፣ ቀረርቶ አለን፣ የጎጃም እስክስታ አለን። ከነዚህ አንዱን 808 ከሚባለው የራፕ ወፍራም ባስ ጋር አግባባውና እየው።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። ወረቀት። የመጀመሪያው ዘፈን የተጫነው በሌላ ሰው ቻናል ነበር። ጓደኛሞች ነን ብለን ምንም አልተፈራረምንም። ቪው ሲመጣ የኔ ድርሻ ምስጋና ሆነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ሞኙ እኔ ነበርኩ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። በሱ መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ የሥራው ጥቅም በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ግን ማን ምን እንደሠራ ካልተጻፈ ክርክሩ ረጅም ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ግጥሙ የማን፣ ቢቱ የማን፣ በየትኛው ቻናል ይወጣል፣ ለማን ስንት በመቶ። ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ከስቱዲዮ ስትወጣ የድምፅህንና የቢቱን ፋይል ለየብቻ በፍላሽ ተቀበል፤ ሚክሱ (ድምፅና ቢቱን ማዋሃዱ) ሳያልቅ ከስቱዲዮው ጋር ተጣልተህ ብትወጣ እንኳ ሥራህ እጅህ ላይ ይሆናል።

ዘፈን የምትለቅበት ወቅት ራሱ ሙያ ነው። ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እሱ ሲገባ ሰርጉም ጭፈራውም ይቆማል፣ ካፌውም ሙዚቃ ይቀንሳል። እኔ አንዱን ክሊፕ የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ለቅቄ ምን እንደገጠመኝ መገመት ነው። ለጥር የምታስበውን ኅዳር ላይ ጨርስ። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያሉት ተማሪዎች ግቢ ውስጥ መሆናቸውንም አረጋግጥ፤ ይሄ ከተማ ውስጥ ዘፈን የሚያዛምቱት እነሱና ባጃጆች ናቸው።

በኢንተርኔት ብቻ አትመካ። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ዩቲዩብ ላይ የተሰቀለ ሁሉ ለጎረቤት አልደርስ አለ። ያኔ ያዳነኝ ፍላሽ ነው። ስልክ ቤቶችን ዞሬ ዘፈን ለሚጭኑ ልጆች በነፃ ሰጠሁ።

ለመድረክ ደግሞ ግማሹን ቀብድ ሳትቀበል አትንቀሳቀስ። «ከዝግጅቱ በኋላ» የሚል ሰው ከዝግጅቱ በኋላ ስልክ አያነሳም። ድምፅህ የሌለበትን ቢት በሁለት ፍላሽ ያዝ፣ አንዱ ሁልጊዜ አይከፈትም። ሙሉውን ዘፈን አስከፍተህ አፍህን ብቻ አታንቀሳቅስ፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ትዋረዳለህ፣ አይቼዋለሁ።

አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ብለህ ብዙ ታስባለህ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የቤት ኪራዩም አይቀመስም። ሥራ ካለህ ሂድ፣ ሠርተህ ተመለስ።

ሲቀዘቅዝስ? ስልኩ ይጠፋል፣ «ወንድሜ» ሲሉህ የነበሩት ሰላምታ ያሳጥራሉ። በዚያ ሰሞን ተናደህ ሌላ ራፐር ላይ ስድብ እንዳትለቅ። የቀን ሥራህን አትልቀቅ፣ እኔ ቻርጀር እየሸጥኩ የጻፍኩት ከሁሉም ይሻላል። ዘፈንህ ትኩስ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ሁለት ያልወጡ ሥራዎች ቀድተህ አስቀምጠህ ከሆነ አሁን አንዱን አውጣ።

የኔ ለጥር አንድ አለች። ማሲንቆ የሚመታልኝ አባባ ግን ግማሹን በቀብድ ካልከፈልክ ስቱዲዮ አልገባም ብለውኛል።